የአየርላንድ ቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዓመት፣ 1962፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሰዓቱ ግን እኛ በለመድነው አቆጣጠር ነው።

የሚወራው ስለ የትኛው ዓመት ነው? ለምንስ 1962 ተመረጠ?

ቴሌፊሽ ኤረን የተባለው የአየርላንድ ብሔራዊ ቴሌቪዥን የተከፈተው ዲሴምበር 31 ቀን 1961 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሮጌው ዓመት ሊያልቅ አምስት ሰዓት ብቻ ቀርቶት ስለነበር ጣቢያው የሠራበት የመጀመሪያ ሙሉ ዓመት 1962 ሆነ። የመጀመሪያው ዜና፣ የመጀመሪያው የሃይማኖት ዘጋቢ ፊልም፣ በቀጥታ የታየው የመጀመሪያው የዋንጫ ፍጻሜ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሚተላለፈው የውይይት ዝግጅት፣ ሁሉም የተጀመሩት በዚሁ ዓመት ነው።

ዓመቱን መለስ ብሎ ለሚያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ጳጳሳቱና ፖለቲከኞቹ ሲሰጉ የኖሩት ከውጭ የሚመጣው ፊልም ሕዝቡን ያበላሻል ብለው ነበር። አገሪቱን የነቀነቃት ግን የአሜሪካ ካውቦይ አልነበረም። ለአውሮፓውያኑ በጋ ወራት ክፍተት መሙያ ተብሎ የገባ፣ አየርላንዳውያን ራሳቸው ተቀምጠው የሚያወሩበት ፕሮግራም ነው። ከታች የሚመጡት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚሁ ነገር ይመለሳሉ።

ከዚያ በፊት አየርላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን አይታይም ነበር?

ጣቢያው አልነበረም እንጂ ቴሌቪዥኑስ ነበር። ሰሜን አየርላንድ በብሪታንያ ሥር ስለሆነች ቢቢሲ ከ1953 ጀምሮ ቤልፋስት ላይ ማሰራጫ ተክሏል፤ በ1955 ደግሞ ዲቪስ በሚባለው ተራራ ላይ ጠንከር ያለ ማሰራጫ ቆመ። የማስታወቂያ ጣቢያው አልስተር ቴሌቪዥን በኦክቶበር 31 ቀን 1959 ተከተለ። ሞገድ ድንበር አያውቅምና ሥርጭቱ ወደ ደቡብ ይፈስ ነበር። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉት ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ ከዌልስ የሚመጣውን ይይዛሉ። በደብሊን ጣሪያዎች ላይ ረጃጅም አንቴና መብቀል የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው፤ አንቴናው ራሱ የባለቤቱን አቅም ለጎረቤት ያሳብቅ ነበር።

በምዕራብ ያሉት ኬሪ፣ ጎልዌይና ማዮ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም አልደረሳቸውም። ስለዚህ መንግሥት ፊት የቀረበው ጥያቄ «ቴሌቪዥን ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚል አልነበረም። ግማሹ አገር የለንደንን ዜና በየምሽቱ እያየ ሌላው ግማሽ ባዶ እጁን ተቀምጧል፤ የተጠየቀው በዚህ እንቀጥል ወይ የሚለው ነበር።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ዘገየ?

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሃምሳዎቹ ለአየርላንድ ክፉ ዓመታት ነበሩ፤ በዚያ አሥር ዓመት ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰዷል። በ1961 ሕዝብ ሲቆጠር የተገኘው 2.8 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ቴሌቪዥንን ቅንጦት ብለው ቢቃወሙ አይፈረድባቸውም። መብራት ያልገባበት ገጠርም ብዙ ነበር፤ የገጠር ኤሌክትሪክ ሥራ የተጀመረው በ1946 ነው።

ሌላው «የማን ይሁን?» የሚለው ክርክር ነው። በ1958 አንድ ኮሚሽን ተቋቋመና ለመንግሥት ካዝና ሸክም የማይሆን ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚገኝ እንዲያጠና ታዘዘ። የውጭ ነጋዴዎች የማስታወቂያ ጣቢያ እንክፈት ብለው መጡ። ለአየርላንድኛ ቋንቋ የሚሠራው ጌል ሊን የተባለ ድርጅትም እኔ ላካሂደው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በሌላ በኩል የፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ሌኦን ኦ ብሪን ቴሌቪዥን ለነጋዴ የሚሰጥ ነገር አይደለም ብለው ለዓመታት ተሟግተዋል። በመጨረሻ በ1959 መንግሥት በሕዝብ ባለሥልጣን ሥር እንዲሆን ወሰነ፤ የ1960 የብሮድካስት ባለሥልጣን አዋጅም ወጣ።

አዋጁ ጣቢያውን ከሚኒስቴር እጅ አውጥቶ ለቦርድ ቢሰጥም 31ኛው አንቀጽ ሚኒስትሩ አንድን ነገር እንዳይተላለፍ በጽሑፍ ሊከለክል እንደሚችል ይደነግጋል። በ1962 ይህን አንቀጽ ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው። በሰሜን አየርላንድ ግጭት ዘመን ግን ከ1971 ጀምሮ እስከ 1994 መጀመሪያ ድረስ የታጣቂዎቹንና የሺን ፌን ፓርቲን ሰዎች ድምፅ ከሥርጭት ያገደው ይኸው አንቀጽ ነው።

በመክፈቻው ምሽት ምን ታየ?

ዋናው ድግስ የነበረው በደብሊን ኦኮኔል ጎዳና በሚገኘው ግሬሻም ሆቴል ነው። ዶኒብሩክ በሚባለው ሰፈር የሚሠራው የጣቢያው ሕንፃ ገና ስላላለቀ ሆቴሉ ለዚያ ምሽት ስቱዲዮ ሆነ። ድግሱን የመራው ኤመን አንድሪውስ ነው። ድሮ ቦክሰኛ የነበረ፣ በኋላ በቢቢሲ እጅግ ዝነኛ አቅራቢ የሆነ የደብሊን ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ የጣቢያው ቦርድ ሰብሳቢም እርሱ ነበር። ኮሜዲያኑ ጂሚ ኦዴይን የመሰሉ የመድረክ ሰዎች ቀረቡ። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሕዝቡ ግን ጎዳናው ላይ ቆሞ አዲሱን ዓመት ይጠብቅ ነበር።

ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ግን ንግግሩ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሾን ለማስ ተናገሩ፤ ካርዲናል ዳልተንም መልእክት አስተላለፉ። የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ጆን ቻርልስ መኩዌድ ቡራኬ ሰጡ። ካርዲናሉ ወላጆችን ልጆቻችሁ የቴሌቪዥን ሱሰኛ እንዳይሆኑ ጠብቁ ብለው አስጠነቀቁ። ጣቢያው ከተከፈተ ገና ሰዓት ሳይሞላው ማለት ነው!

ፕሬዚዳንቱ ቴሌቪዥንን ከአቶሚክ ኃይል ጋር አመሳሰሉት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤመን ደ ቫሌራ ያን ጊዜ 79 ዓመታቸው ነው። በብሪታንያ ላይ የተነሳውን የ1916ቱን አመፅ ካዘመቱት አንዱ፣ ለዓመታት አገሪቱን የመሩ ሰው ናቸው። በንግግራቸው የሬዲዮና የቴሌቪዥንን ታላቅ ኃይል ሳስብ ፍርሃት ቢጤ ያድርብኛል አሉ። እንደ አቶሚክ ኃይል ተሰፍሮ የማያልቅ በጎ ነገር ሊሠራበት እንደሚችል፣ በዚያው ልክ ደግሞ የማይጠገን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ተናገሩ። የአንድን ሕዝብ ጠባይ ሊያንጽ፣ ብርታትና በራስ መተማመን ሊሰጥ ይችላል፤ ወይም ሞራሉን ሰልቦ ወደ ዝቅጠት ሊያወርደው ይችላል የሚል ነበር ሐሳቡ።

ብዙዎች ይህን ንግግር የሽማግሌ ስጋት እያሉ ይቀልዱበታል። እኔ አልቀልድበትም። ዓይናቸው በዚያ ወቅት ከማየት ሊያቆም የደረሰ ሰው፣ በቅጡ ሊያዩት ስለማይችሉት መሣሪያ ከብዙ ባለ ብሩህ ዓይኖች የተሻለ ገምተዋል። የሳቱት ለውጡ የሚመጣበትን አቅጣጫ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዜና ያነበበው ማን ነው?

ቻርልስ ሚቸል ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1962። የቲያትር ተዋናይ ነበር። የተዋናይ ድምፁና ግርማው ሥራውን አሳምሮለት እስከ 1984 ድረስ ዜና ሲያነብ ኖረ። አየርላንዳውያን ወላጆች ስለ ዜና አነባብ ሲያወሩ እስከ ዛሬ ስሙን ያነሳሉ።

ከመጀመሪያዎቹ አስተዋዋቂዎች መካከል ካትሊን ዋትኪንስ ትገኛለች፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከታች የምናነሳውን ጌይ በርንን አገባች። ከባንክ ሥራ ወጥቶ በዚያው ጊዜ አካባቢ ጣቢያውን የተቀላቀለው ቴሪ ዎገን ደግሞ በኋላ ቢቢሲ ሄዶ የብሪታንያ የቤተሰብ ስም ሆኗል።

405 እና 625 የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

የቴሌቪዥን ሥዕል በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ ነው የሚተላለፈው። የብሪታንያው አሮጌ አሠራር 405 መስመር፣ የአውሮፓው አዲስ አሠራር 625 መስመር ነበር። 625ቱ የጠራ ሥዕል ይሰጣል፤ ወደፊትም የሚያዛልቀው እርሱ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ችግሩ ለቢቢሲ ብለው ቀድመው ቴሌቪዥን የገዙት ሰዎች በእጃቸው ያለው ባለ 405 መሆኑ ነው። በ625 ብቻ ቢከፈት ጣቢያውን በጉጉት የሚጠብቁት እነዚያው ሰዎች አያዩትም።

ስለዚህ ሁለቱም ተሠራባቸው። በምሥራቅና በሰሜን በኩል ሥርጭቱ በሁለቱም ይወጣል፤ ቴሌቪዥን ወዳልለመደው ደቡብና ምዕራብ የሚሄደው ግን በ625 ብቻ ነው። ለድሃ አገር ድርብ ወጪ ነው፤ ያም ሆኖ አርቆ ያየ ውሳኔ ይመስለኛል። ባለ 405ቱ ሥርጭት እስከ 1982 ድረስ ቀስ በቀስ ተዘጋ። ሥዕሉ በሁለቱም ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የመጣው በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው።

መላው አገር ከመጀመሪያው ቀን አየ?

አላየም። በመክፈቻው ምሽት የሠራው ከደብሊን በስተደቡብ፣ በዊክሎ ተራሮች ላይ 757 ሜትር ከፍታ ያለው የኪፑር ማሰራጫ ነው። የሚደርሰው ለደብሊንና ለአካባቢው ነበር። ከዚያ በስላይጎ በኩል ትረስክሞር፣ በክሌር ማጌራ፣ በኮርክና ኬሪ ድንበር ሙላጋኒሽ፣ በደቡብ ምሥራቅ ማውንት ሌንስተር በየተራ ተጨመሩ። ይህም በ1962 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የተሠራ ነው። ማሰራጫው ሲደርስ ሱቆች መስኮት ላይ ቴሌቪዥን ከፍተው ያሳያሉ፤ ሰውም በቡድን ቆሞ ያያል። መሣሪያው ውድ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ከመግዛት ይልቅ በየወሩ እየከፈለ ይከራየው ነበር።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነበር?

ከሁለት ምንጭ ነው የሚገኘው። አንደኛው ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ የሚከፍለው ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ነው፤ ሁለተኛው ማስታወቂያ። ማቋቋሚያው ከመንግሥት በብድር የተሰጠ ስለሆነ ጣቢያው በቶሎ ራሱን እንዲችል ይጠበቅበት ነበር። ብሪታንያ ቢቢሲን በፈቃድ ክፍያ፣ ሌላውን ጣቢያ በማስታወቂያ ስታስተዳድር አየርላንድ ሁለቱን አንድ ጣቢያ ላይ ጫነች። ይኸው ድርብ አሠራር እስከ ዛሬ አለ፤ ጭቅጭቁም አብሮት አለ።

ለምን ያን ያህል የአሜሪካ ፊልም ያሳዩ ነበር?

ስለሚረክስ። አንድ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ድራማ ዶኒብሩክ ውስጥ ለመሥራት ደራሲ፣ ተዋናይ፣ አናጢ፣ ካሜራ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ሲገዛ ግን ብዙ አገሮች ላይ ተሸጦ ወጪውን የጨረሰ ስለሆነ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ሠራተኛው ራሱ ገና በመማር ላይ ነበር፤ ካሜራ ነክቶ የማያውቅ ወጣት በወራት ውስጥ የቀጥታ ሥርጭት እንዲያካሂድ ተገዷል።

የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኤድዋርድ ሮት አሜሪካዊ መሆናቸውም ለተቺዎች ጥሩ ማጣፈጫ ነበር። ለአየርላንድ ባህል የተቋቋመ ጣቢያ በአሜሪካዊ ይመራል፣ ምሽቱን የሚሞላው ሽጉጥ የታጠቀ ፈረሰኛ ነው ተብሎ በጋዜጣ ተወቀጠ። እንደ እኔ ግምት ሮት ያለ አግባብ ተወቅሰዋል። ሥራቸው ከባዶ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ በየምሽቱ የሚተላለፍ ጣቢያ ማቆም ነበር፤ አቁመውታል። በ1963 ቦታውን ኬቨን መኮርት የተባሉ አየርላንዳዊ ተረከቡ።

አየርላንድኛ ቋንቋስ ቦታ አገኘ?

ጥቂት። ዜና በአየርላንድኛ ይነበብ ነበር፤ ዳሂ ላኸ የሚባል ዳክዬ ለልጆች በሥዕል የሚተረክበት አጭር ፕሮግራም ከ1962 ጀምሮ ለዓመታት ቆይቷል። አዋጁም ቋንቋውን የማስፋፋት ዓላማ በግልጽ አስቀምጧል። የቋንቋው ወዳጆች ግን በዚህ አልረኩም፤ ጣቢያው ስሙን ከአየርላንድኛ ወስዶ አፉን በእንግሊዝኛ ከፈተ ብለው ተቆጡ። ቅሬታቸው መልስ እስኪያገኝ ብዙ ጠብቀዋል። ራሱን የቻለ የአየርላንድኛ ጣቢያ የተከፈተው ኦክቶበር 31 ቀን 1996 ነው።

ቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥኑን ትቃወም ነበር?

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሊቀ ጳጳስ መኩዌድ በጣም ወግ አጥባቂ ሰው ነበሩ፤ ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ በዓይናቸው ሥር ነው። ግን ቴሌቪዥን እንደማይቀር ሲገባቸው ወጣት ካህናትን ለሥልጠና ኒው ዮርክ ላኩ። ከእነርሱ አንዱ አባ ጆ ደን ነው። ተመልሶ ራያርክ የተባለ የዘጋቢ ፊልም ቡድን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዝግጅታቸው ጃንዋሪ 12 ቀን 1962 ተላለፈ። ጣቢያው ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካሜራ የያዙት ካህናት ስብከት ብቻ ይዘው አልቀረቡም። ወደ ወህኒ ቤት ሄዱ፤ መጠለያ የሌላቸውን ደብሊን ጎዳና ላይ ቀረጹ፤ ወደ ስደተኞች ዘንድ ተሻገሩ። እስከ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ከ400 በላይ ፊልም ሠርተዋል። አንዳንዱ ተራ ጋዜጠኛ ሊነካው የማይደፍረውን ጉዳይ የያዘ ነበር፤ ካህን ሲያነሳው ማን ይከለክለዋል?

የብሥራት ጸሎት ደወል፣ እነርሱ አንጀለስ የሚሉት፣ በሬዲዮ ከ1950 ጀምሮ ይሰማ ነበር፤ በ1962 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። 18 ጊዜ ይደወላል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዘጠኝ። አሁንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከዜና በፊት ይሰማል። ሃይማኖተኛ ያልሆነውም ለምዶት ይኖራል፤ ይነሳ የሚለው ክርክር ግን በየጊዜው ይመጣል።

ሌት ሌት ሾው የተጀመረው እንዴት ነው?

የዓመቱ ዋና ወሬ ይህ ነው። ቶም መግራዝ የሚባል ፕሮዲዩሰር በአሜሪካ ሌሊት ላይ የሚተላለፉትን የወግ ፕሮግራሞች ዓይነት እዚህም እንሞክር አለ። ለበጋው ጥቂት ሳምንታት ማሟያ ተብሎ ተፈቀደለት። ጁላይ 6 ቀን 1962፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተጀመረ። ጤነኛ ገበሬ የሚተኛበት ሰዓት ነው፤ ማንም ትልቅ ነገር አልጠበቀም።

አቅራቢው የ27 ዓመቱ ጌይ በርን ነበር። በዚያ ጊዜ ማንቸስተር ባለው ግራናዳ ቴሌቪዥንም ይሠራል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለስ ነበር። አወቃቀሩ ቀላል ነው። እንግዶች ይቀመጣሉ፣ ተመልካች ስቱዲዮ ውስጥ አለ፣ ሁሉም በቀጥታ ይተላለፋል። ተመልካቹ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚነሳ አስቀድሞ አያውቅም። ዘፋኝ ከዘፈነ በኋላ ጠበቃ ስለ ፍቺ ሕግ ሊናገር ይችላል፤ ከኮሜዲያን ቀጥሎ መነኩሴ ይቀመጣል። ከተሰብሳቢው አንዱ እጁን አውጥቶ ይናገራል፤ በማግስቱ አገሩ ሁሉ ስለዚያ ሰው ያወራል።

በጋው ሲያልቅ ፕሮግራሙ አላለቀም። ወደ ቅዳሜ ምሽት ተዛውሮ ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ ሁሉ ቀጠሮ ሆነ። በርን ቆየት ብሎ አዘጋጅም አቅራቢም ሆኖ ያዘው፤ አንድ ወቅት ፍራንክ ሆል ተክቶት ከሠራበት በስተቀር እስከ ሜይ 1999 ከወንበሩ አልተነሳም። ከእርሱ በኋላ ፓት ኬኒ፣ ራያን ተብሪዲና ፓትሪክ ኪልቲ ተረክበውታል።

ለምን ይህን ያህል ነካቸው? አየርላንድ ውስጥ በቤት የሚታወቅ ግን በአደባባይ የማይወራ ብዙ ነገር ነበር፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ የተበላሸ ትዳር፣ የካህናት ሥልጣን፣ ከጋብቻ ውጭ የወለደች ልጅ። ሌት ሌት ሾው ይህን ሁሉ አያት፣ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አነሳው። ተነስቶ መውጣትም ማጥፋትም እኩል ያሳፍራል። በፌብሩዋሪ 1966 አንዲት ሴት ለጨዋታ ያህል በጫጉላ ሌሊትሽ የለበስሽው የሌሊት ልብስ ቀለሙ ምን ነበር ተብላ ስትጠየቅ ምናልባት ምንም አልለበስኩ ይሆናል ዓይነት መልስ ሰጠች። ሰዉ ሳቀ። የክሎንፈርቱ ጳጳስ ቶማስ ራያን ግን በማግስቱ ፕሮግራሙን ከመንበረ ስብከት አወገዙት፤ ወሬው የጋዜጦቹ ሁሉ የፊት ገጽ ሆነ። ኦሊቨር ፍላናገን የተባሉ የፓርላማ አባልም ቴሌቪዥን እስኪመጣ ድረስ በአየርላንድ ወሲብ የሚባል ነገር አልነበረም በሚል ንግግራቸው ሲጠቀሱ ይኖራሉ። ሰውየው የምራቸውን ነው የተናገሩት፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

በዚያ ዓመት የታየው ትልቁ ጨዋታ የትኛው ነው?

ሁለት ናቸው። አየርላንድ የራሷ ባህላዊ ጨዋታዎች አሏት፤ ጌሊክ እግር ኳስና ኸርሊንግ። ኸርሊንግ በእንጨት ዱላ ትንሽ ኳስ የሚመታበት ፈጣን ጨዋታ ነው፤ የእኛን የገና ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለቱም ዓመታዊ ፍጻሜያቸው ደብሊን ክሮክ ፓርክ ላይ ይካሄዳል፤ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ታዩ። ሴፕቴምበር 2 ቀን ቲፐሬሪ ዌክስፎርድን በኸርሊንግ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ ጎል ሦስት ነጥብ እየተባለ ሲደመር 19 ለ 17 ይሆናል። ሴፕቴምበር 23 ቀን ደግሞ በእግር ኳስ ኬሪ ሮስኮመንን 15 ለ 9 ረታ። የኬሪው ጋሪ መክማሆን ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጎል አስቆጠረ። ወንበር ሲያመቻች የነበረ ሰው ጎሉን አላየውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎል ተመልሶ የሚታይበት መንገድ አልነበረም።

ሁለቱን ጨዋታዎች የሚመራው ማኅበር ቴሌቪዥን ሜዳውን ባዶ ያስቀርብናል ብሎ ይሰጋ ስለነበር የፈቀደው ጥቂት ትላልቅ ጨዋታዎችን ብቻ ነው። በ1962ቱ ፍጻሜዎች ግን እያንዳንዳቸው ከ75,000 በላይ ሰው ስታዲየም ገብቷል። ሌላም ጣጣ ነበር። የማኅበሩ ደንብ አባላት የእንግሊዝ ጨዋታ የሚላቸውን እግር ኳስና ራግቢ እንዳይጫወቱ፣ ስታዲየም ገብተውም እንዳያዩ ይከለክላል። ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያየውን ማን ይይዘዋል? ደንቡ በ1971 ተነሳ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በቴሌቪዥን በኩል የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ስለሆነ ሁለቱ ጣቢያዎች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ከማለት የዘለለ ዝምድና የላቸውም።

በዚያ ዓመት በአየርላንድ ዜና ውስጥ ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሁለቱ አገሮች ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተው ነበር፤ ጣቢያው ሲከፈት የአየርላንድ ሻለቃ ካታንጋ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ጦርም እዚያው አለ። የኃይሉ አዛዥ የነበሩት አየርላንዳዊው ሌተና ጄኔራል ሾን ማክኦወን ሲሆኑ፣ በ1962 በአውሮፓውያኑ የጸደይ ወራት ከእርሳቸው አዛዥነቱን የተረከቡት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው።

የዚያን ዓመት ፕሮግራሞች ዛሬ ማየት ይቻላል?

ጥቂቶቹን። የደ ቫሌራ የመክፈቻ ንግግር ተርፏል፤ የጣቢያው ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ከሌሎች ቁርጥራጮች ጋር ይገኛል። በፊልም የተቀረጹትም ከሞላ ጎደል ዕድለኛ ናቸው፤ የራያርክ ሥራዎች የቆዩት ስለዚህ ነው። በስቱዲዮ በቀጥታ የተላለፉት ግን አብዛኞቹ የሉም። የቪዲዮ ቴፕ በጣም ውድ ስለነበር አንዱን አጥፍቶ በላዩ ላይ ሌላ መቅዳት የተለመደ ነበር፤ ይህ የአየርላንድ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ጣቢያዎች ሁሉ ልማድ ነው። የመጀመሪያዎቹን የሌት ሌት ሾው ምሽቶች ማወቅ የሚፈልግ ከጋዜጣ ትችትና ከሰዎች ትዝታ መቃረም አለበት።

ቴሌፊሽ ኤረን እና አርቲኢ አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። በ1962 ቴሌቪዥኑ ቴሌፊሽ ኤረን፣ ሬዲዮው ራዲዮ ኤረን ይባሉ ነበር፤ የሚመራቸውም አንድ ባለሥልጣን ነው። በ1966 ባለሥልጣኑ ራዲዮ ቴሌፊሽ ኤረን ተባለ፤ አርቲኢ የእርሱ አጭር ስም ነው። በመክፈቻው ምሽት የታየው የቅድስት ብሪጅድ መስቀል ምልክት በልዩ ልዩ መልክ እስከ 1995 ድረስ አገልግሏል። ስለ 1962 ሲጻፍ «አርቲኢ» የሚል ቢያጋጥምዎ ጸሐፊው ስሙን ወደ ኋላ ወስዶት ነው።